በድል ቀን ጀማሪው ማነው?

ሳህሉ ቡድኑ እንዲሸነፍ መመኘት የጀመረው በሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። ለዚህ የቤዝቦል ቡድን ሲል አርባ ዓመት ሙሉ ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸ፣ ሰርግ ቤት ሳይቀር ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ቡድኑ ከተማቸውን ኦክላንድን ጥሎ ሌላ ከተማ ሲገባ ጎረቤቶቹ ኮፍያቸውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲወረውሩ፣ እሱ ብቻ «ሰው ቤት ቀየረ ተብሎ ዝምድና ይቀራል እንዴ?» ብሎ የተከራከረ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ተጋጣሚው ኳሷን አጥር አሻግሮ ሲመታት በሆዱ «እሰይ» ያለው።

ሳህሉ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት አሜሪካ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ ያስተማረ ጡረተኛ ነው። እዚያው ኦክላንድ፣ ሐይቁ አጠገብ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ወርቂቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ምሥጢር የምትባል አንድ ልጅ አለችው፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሳን ሆዜ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ናት። መንገዱ ካልተዘጋጋ በመኪና አንድ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ግን መች ተከፍቶ ያውቃል። ከዚህ ሌላ ያለው ሀብት አንድ ደብተር ነው።

ደብተሩ ስለ ወርዋሪዎች ነው። ቤዝቦል ውስጥ ጨዋታውን የሚከፍት ኳስ ወርዋሪ አለ፤ ክንዱ እንዲያርፍ በየአምስት ቀኑ አንዴ ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቡድኑ ትናንት ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ይሄ ሰው ዳር ተቀምጦ ያይ ነበር። ሳህሉ ሊያውቅ የፈለገው፣ የትናንቱ ድል ወይም ሽንፈት ዛሬ የሚወጣውን ወርዋሪ ይነካው እንደሆነ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ጨዋታ በሁለት ዓምድ ጻፈ፤ በግራ ከድል ማግስት፣ በቀኝ ከሽንፈት ማግስት። ማን ወረወረ፣ ስንት ዙር ቆየ፣ ስንት ነጥብ ገባበት። መልሱን ገና በሦስተኛው ዓመት አግኝቶታል። ልዩነት የለም። ወርዋሪው ትናንት ምን እንደሆነ ጉዳዩ አይደለም፤ ይመጣል፣ ይወረውራል፣ ይሄዳል። ሳህሉ ግን መጻፉን አልተወም። ለምን ሲሉት መረጃ በዛ ተብሎ አይጣልም ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም።

ወርቂቱ በዚህ መልስ አንድም ቀን አልተስማማችም። «ትናንት የተሸነፈ ቤት ውስጥ አድሮ ምንም አልተሰማውም ትለኛለህ?» እያለች ትሞግተው ነበር። ቤዝቦልን ከእሱ ነው የተማረችው፤ ሲያስተምራት ግን አንድ ስህተት ሠርቷል። ምሥጢር ስድስት ዓመቷ ሳለ መጀመሪያ ስታዲየም ይዟቸው የሄደ ቀን፣ ጨዋታውን የሚከፍተውን ወርዋሪ በአማርኛ ምን እንደሚለው ጨነቀውና «ጀማሪ ወርዋሪ» አላት። ወርቂቱ ያኔ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ረዳት ነበረች፤ ጀማሪ ማለት ለእሷ ትናንት ተቀጥሮ ዛሬ መርፌ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነው። በሳምንቱ ተመልሰው ሲሄዱ ሌላ ወርዋሪ ወጣ። ይሄስ ብትለው እሱም ጀማሪ ነው አላት። «ታዲያ እነዚህ ሰዎች የለመደ ሰው አያመጡም?» አለችው። የሚጀምር ማለቴ እንጂ ያልለመደ ማለቴ አይደለም ብሎ ቢምል ቢገዘት አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ዝናውን አገር ያወቀለትን ጎልማሳ ሁሉ በቴሌቪዥን እያየች «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ጀማሪ አይደለህ» ስትለው ኖረች። ሳህሉ ይስቅባት ነበር፤ ለሰው ሁሉ እያወራም ያስቅባት ነበር።

እሷ ስትሞት ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የቴሌቪዥኑ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤት ከተማ ኤመሪቪል አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ እንዴት ነህ ስትለው፣ ሊመልስላት አፉን ቢከፍት ድምፁ ሻክሮ አልወጣ አለው። ሲያስበው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ነፃውን አውቶቡስ ይዞ፣ የሚገዛው ነገር ሳይኖረው ወደዚያ መሄድ ጀመረ። አንድ ሳሙና ያነሳና ረጅሙ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ቤቱ አሁን አሥራ ስምንት ሳሙና አለ።

በሰውነት ያቆየው የምሥጢር ስልክ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ፣ ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሆና በሞባይሉ ትደውልለታለች። አይዞህ ዳዲ፣ ነገ ይሻላል ትለዋለች። ከዚያ ስለ ወርዋሪው ያወራሉ፤ ለምን ቶሎ ደከመ፣ አሠልጣኙ ለምን ቀደም ብሎ አላወጣውም። አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥራ አምስት። ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። ምሥጢር ከባሏ ከተለያየች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሳህሉ ግን አንድም ቀን እንዴት ሆነሽ ነው የምትኖሪው ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ጠልቷት አይደለም፤ ነገሩን ከየት እንደሚጀምረው አያውቅበትም።

ሰውዬው ሥራው ያው መቁጠር አይደል፣ በዚህ ዓመት ሜይ ላይ ደብተሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ጨመረ። ምሥጢር የደወለችበት ጨዋታ ጥግ ላይ «ም» ብሎ ይጽፋል። ጁላይ ሲገባ ቁጭ ብሎ ቆጠረው። ከሠላሳ ሦስት ሽንፈት በሃያ ስምንቱ ደውላለች። ከሃያ ሰባት ድል በአንዱም አልደወለችም። ይህን ለማየት ስታቲስቲክስ መማር አያስፈልግም። አሥራ አንድ ዓመት ወርዋሪዎች ላይ ሲፈልገው ያጣው ልዩነት ልጁ ላይ ተገኘ።

መመኘት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ በትንሹ ነበር፤ አንድ ለባዶ ቢሸነፉ ምን አለበት በሚል። ቡድኑ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲልፈሰፈስ ከርሞ፣ ኦገስት ሲገባ አምላክ ያውቃል ምን እንደነካው፣ ማሸነፍ ጀመረ። ሁለት ቀን፣ አራት ቀን፣ ስድስት ቀን በተከታታይ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይተቃቀፋሉ፤ ሳህሉ በግራው ዓምድ ይጽፋል፤ ጥግ ጥጉ ባዶ ነው።

በሰባተኛው ቀን ሞባይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ረጅም ሽቦ የቤት ስልክ የወርቂቱ ነበር፤ እሱ ራሱ ደውሎበት አያውቅም፤ የእሷ ቁጥር ነው ብሎ ግን አላዘጋውም። ያንን አንስቶ የራሱን ሞባይል ቁጥር እየመረጠ መታ። ሳሎን ውስጥ ሞባይሉ ጮኸ። ሳህሉ ወጥ ቤት ቆሞ አዳመጠው። ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም። ቶሎ መዝጋት ሲገባው ትንሽ አስጮኸው፤ ደስ ይላል፣ ቤት ውስጥ ስልክ ሲጮህ።

በዘጠነኛው ቀን ከውሃው ማዶ አላሜዳ ወደሚኖረው ጓደኛው ወደ ፍስሐ ሄደ። ፍስሐ ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት ለትምህርት የመጣ፣ አሁን እሱም ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ውሃው ዳር እየተራመዱ ሳህሉ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ አነሳው፤ ልጆች ሲመቻቸው ብቻ ነው የሚደውሉት አለ። ፍስሐ ታዲያ አንተ ለምን አትደውልላትም ቢለው ሳህሉ ቱግ አለ። አባት ይጠየቃል እንጂ ልጁን እያሳደደ ጠይቁኝ ይላል እንዴ? ደግሞ ሥራ ላይ ናት፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ አይረበሽም። ፍስሐ እስኪጨርስ ጠበቀውና «እንግዲያው ቁጭ ብለህ ተጠየቃ» አለው። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እያወሩ ተመለሱ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ቡድኑ ሰዓቱ ወደሚቀድምበት ወደ ምሥራቅ አሜሪካ ሄዶ ስለነበር ጨዋታው እዚህ በጠራራ ፀሐይ ጀመረ። ጨዋታውን የከፈተው ወርዋሪ በእርግጥም ጀማሪ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ቀኑ፣ ጺም እንኳ ያላበቀለ ልጅ። ወርቂቱ ብትኖር ስንቴ አይዞህ ባለችው ነበር። ሳህሉ ግን የልጁን እጅ እያየ፣ ላቡን በክንዱ ሲጠርግ እያየ፣ ኳሷ እንድታመልጠው ተመኘ። በአራተኛው ዙር አንድ ግዙፍ ሰውዬ ኳሷን አጥር አሻግሮ ሲልካት ነው እሰይ ያለው። ቀጥሎ አጨበጨበ። የራሱን ጭብጨባ ሲሰማ ደነገጠ፤ እጁን ጭኑ ሥር ቀበረ። አፈረ። እናቱና አባቱ አንድ ቦታ ተቀምጠው ይህን ቀን ሲጠብቁለት የኖሩ ልጅ ነው፣ እኔ ምን ሆኛለሁ አለ።

ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ነጥብ እንኳ አልገባበትም። ስድስት ለአንድ አሸነፉ። ሳህሉ በግራው ዓምድ ጻፈው፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ሞባይሉን አነሳ። ከዚያ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ነገር ሠራ። ለምሥጢር በእንግሊዝኛ «ተሸነፍን» ብሎ ጻፈላት።

ሞባይሉን ደብተሩ ላይ በፊቱ ደፍቶ ጠበቀ። አሥር ደቂቃ ሆነ፤ ሃያ ሆነ፤ አልደወለችም። አርባ ደቂቃ ሲሞላ፣ አሁንማ ሲሸነፉም ቀረ አለ በልቡ። ያኔ የተሰማው ብቸኝነት ወርቂቱን ቀብሮ ሲመለስ ከተሰማው አይተናነስም። እንባው መጣ፤ የሚያየው ስለሌለ ዝም አለው።

መልእክቱን ከላከ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆነው በሩ በቁልፍ ተከፈተ። ምሥጢር የሆስፒታሉን መታወቂያ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እያለከለከች ገባች፤ ቦርሳዋን መሬት ጥላ ሶፋው ሥር ተንበረከከችና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ዳዲ፣ ስማይል አድርግልኝ» አለችው።

ግራ ገብቶት ፈገግ አለ። ሁለቱንም እጅህን አንሳ አለችው፤ አነሳ። ዛሬ ምን ቀን ነው አለችው፤ ሐሙስ አላት። የዓይኑን ብሌን አየች፤ ጣቴን ጭመቅ አለችው፤ ጨመቀ።

«ማን አሸነፈ?»

ሳህሉ መሬት መሬት አየ። «እኛ። ስድስት ለአንድ» አለ።

ምሥጢር ተረከዟ ላይ ቁጭ አለች። ውጤቱን ስልኬ በየቀኑ ይነግረኛል አለችው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ያሸነፉበትን ቀን ተሸነፍን ብለህ ስትጽፍልኝ ስትሮክ መታው ብዬ ነው የመጣሁት፤ በሕይወትህ አንድ ውጤት ተሳስተህ አታውቅም፤ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። ብትደውዪ ይበቃ ነበር ሊላት ፈለገ፤ ግን ደውላለች ለካ፤ ሞባይሉን ቢያየው ስድስት ጊዜ ተደውሎለታል። ለጨዋታው ብሎ ድምፁን አጥፍቶት ኖሯል።

ደብተሩን አንስቶ ሰጣት። ምሥጢር ፊደል መቁጠር ከተወች ብዙ ዘመኗ ነው፤ የስሟን መጀመሪያ ግን ታውቃለች። በቀኙ ዓምድ ጥግ ላይ የተደረደረውን «ም» በጣቷ እየነካች ወረደች። ከዚያ የግራውን አየች፤ አንድም የለም። ቀና ብላ አየችው።

«ሲያሸንፉ አትደውዪም» አላት።

«ሲያሸንፉ የምትደውለው አንተ ነሃ» አለችው።

«እኔ?»

«ማሚ እያለች፣ ባሸነፉ ቁጥር። ‹አባትሽ ደውዪልኝ ብሎኝ ነው፣ ደስ ብሎታል፣ ይኸው› ብላ ትሰጥሃለች። ከዚያ ማሚ ሞተች፣ ኮል ማድረግ ስቶፕ አደረግክ። ሲከፋህ እንጂ ሃፒ ስትሆን አትፈልገኝም ብዬ ነው። ባሸነፉ ቁጥር ስልኬን አያለሁ። ቱ ይርስ፣ ዳዲ።»

ሳህሉ ቀስ ብሎ፣ ለራሱም እየገረመው፣ «እኔ እኮ አንድም ቀን ደውዪልኝ ብያት አላውቅም» አለ። «ጨዋታው ሲያልቅ የወጥ ቤቱን ስልክ ይዛ ትመጣለች። ‹ምሥጢር ናት፣ እንኳን ደስ አለህ ልትልህ ነው› ትለኛለች። የምትደውዪው አንቺ ነሽ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ከታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። አንዲት ሴት ለእሱ ስለ ልጁ፣ ለልጁ ስለ አባቷ እየዋሸች ስንት ዓመት አገናኝታቸዋለች። ሁለቱም ደግሞ ቁጭ ብለው ተደወለልኝ ሲሉ ኖረዋል።

ምሥጢር በተሰባበረው አማርኛዋ፣ እናቷ የነገረቻትን ቃል በቃል ተናገረች። «‹በመሸነፍ ቀን ጀማሪዋ አንቺ ነሽ፣ በማሸነፍ ቀን ጀማሪው እሱ ነው› ትለኝ ነበር።» ትንሽ ፈገግ ብላ፣ ልጅ ሆና ከቤታቸው ስትሰማው ስላደገች ጀማሪ ማለት ወርዋሪ ማለት ይመስላት እንደነበር ነገረችው፤ ተራህን ወርውር እንደማለት።

ለካ ወርቂቱ ቃሉን ከሳህሉ ይልቅ ታውቀው ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲስቅባት፣ የሚጀምር ማለቴ ነው እያለ ሲያስረዳት፣ አንድም ቀን ገባኝ አላለችውም። መልሶ እንዳይጠይቃት የለችም። ይህ ከሁሉ ከፋው፤ ለልጁም «ከፋኝ» አላት።

ምሥጢር በነጋታው መንገዱ ሳይጨናነቅ ልትሄድ እዚያው ሶፋው ላይ አደረች። ብዙም አላወሩም። ጠዋት ስትወጣ ጉንጩን ስማው፣ ሳሙናው ምንድነው ብላ ጠየቀችው። በቅናሽ አግኝቼው ነው አላት። ሦስት ሰጣት።

ዓርብ ቡድኑ እንደገና አሸነፈ። ሳህሉ በዚህኛው ጨዋታ አላጨበጨበም፤ አልተመኘምም፤ ግን ሲያልቅ አሁን ተራው የእሱ ነው። ሞባይሉን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እሱ ይህን ነገር የሚያውቀው በወጥ ቤቱ ስልክ ነው። ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ከቁጥሮቹ በላይ ከተደረደሩት ቁልፎች የመጀመሪያው ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ወርቂቱ በእስክሪብቶ «ም» ብላ ጽፋባታለች። ስንት ዓመት ሲያያት ኖሯል፤ አንብቧት ግን አያውቅም።

ተጫናት። ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ተነሳ፤ ግን ድምፅ የለም፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ምሥጢር?» አለ።

«ስልኬ ላይ ማሚ ይላል» አለች።

ሳህሉ ግድግዳውን ተደገፈ። የዚህ ቤት ቁጥር ልጁ ስልክ ውስጥ የእናቷ ስም እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ስም አንዴም እንዳልመጣባት አሁን ነው የገባው።

«እኔ ነኝ» አለ። «አሸነፍን።»

«ስንት ለስንት?» አለች፤ ውጤቱን ታውቀዋለች።

አራት ለሦስት አላት። ወርዋሪው ስድስት ዙር እንደቆየ ነገራት። ከዚያ አለቀበት። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ስልኩን ለወርቂቱ ይመልስላት ነበር፤ ዘወር ቢል ማንም የለም። ደህና ዋይ ብሎ ሊዘጋ አፉን ከፈተ።

«ምሥጢር» አላት፣ «እንዴት ነሽ? ማለቴ፣ እሱ ከሄደ ወዲህ እንዴት ሆነሽ ነው የምትኖሪው?»

ተሳሳትኩ ብሎ ፈራ።

«ጀማሪ ነኝ» አላት፣ «ታገሺኝ።»

ምሥጢር ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየለትም። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረ አንድ እሁድ ጀምራ። ሳህሉ የወርቂቱን ወንበር በእግሩ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።